ውሃና ሞያ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ የእህል አገር ናት። ከከተማዋ ወጥቶ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው ከአድማስ እስከ አድማስ የሚታየው ጥቁር ሜዳ ነው። ይህ መሬት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ይጨቀያል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። አፈሩ ለማሽላና ለሰሊጥ እጅግ ይስማማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለሠራዊት ቀለብ የሚሆን ማሽላ በትራክተር መዝራት በዚህ አካባቢ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህም እርሻው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄደ። ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ፖርት ሱዳን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በከተማዋ በኩል ያልፋል። ሌላው መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ዶካን አልፎ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ገላባት ይደርሳል። ከገላባት ማዶ መተማ ናት፤ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ምድር።

በዚህ መንገድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ገዳሪፍ ተሻግረዋል። አንዳንዶቹ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ለቀን ሥራ ይሄዱና ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ቀያቸው ይመለሱ ነበር። ሌሎቹ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከፖለቲካ ሁከት፣ ከጦርነትና ከረሀብ ሸሽተው የወጡ ስደተኞች ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኘው በተዋዋ ሰፈር ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ስደተኛ ከቤቱ ሲወጣ መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም፤ ከብቱንም ቢሆን በመንገድ ይበትነዋል። በእጁ ያለውን ሞያ ግን ድንበር ጠባቂ ፈትሾ አይወስድበትም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው በመርፌው፣ ግንበኛው በቱምቢው፣ መካኒኩም በመፍቻው እንጀራውን ሲፈልግ ይታይ ነበር።

ከእነዚህ መካኒኮች አንዱ በጎንደር አቅራቢያ በአዘዞ የተሽከርካሪ ጥገና የተማሩ አዛውንት ነበሩ። ጋራዣቸው ከአውራ ጎዳናው ዳር በአንድ የግራር ዛፍ ሥር ተተክሎ፣ አራት ቋሚና የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ያለው ነበር። የሥራ ቃላቸው ከአገራቸው አብሯቸው መጥቷል። መፍቻውን ኪያቤ፣ ብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ፣ ጉጠቱን ፒንሳ፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታ ይሉ ነበር። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች ገብተው ከቆዩ በኋላ በስደተኛው አፍ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ከአዛውንቱ ዘንድ ዕድሜው ዐሥራ አምስት የሚሆን አንድ ልጅ ነበር። ጧት ትምህርት ቤት ይውላል፤ ከሰዓት በኋላና ትምህርት በሌለበት ቀን ደግሞ መፍቻ ያቀብላል።

ልጁ ሥራ በጀመረባቸው ቀናት አንድ ነገር ያስገርመው ነበር። መኪናቸው የጨሰባቸው ሹፌሮች ከሩቅ ጀምረው «ሞያ! ሞያ!» እያሉ ይመጣሉ። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሞያን እንዲህ የሚወዱት ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። አዛውንቱ ሣቁ። «በእነርሱ ቋንቋ ሞያ ማለት ውሃ ነው» አሉት። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፣ «አንተም እንኳ ብዙ አልተሳሳትህም፤ ለምነው የሚጠጡት ውሃ ነው፤ የጎደላቸው ግን የእኛው ሞያ ነው» ሲሉ ጨመሩለት።

ጊዜው ጥቅምት 1978 ዓ.ም. ነበር። ዝናቡ አብቅቶ የሰሊጥ አጨዳ ተጀምሯል። ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። ፍሬ የቋጠረው ቆባ ደርቆ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ቆባው ሳይከፈት ታጭዶ፣ ታስሮና ተደግፎ መቆም አለበት። በዚህ ሰሞን አጫጆች ከከተማ ርቀው በየሜዳው ይሰፍራሉ። በሰፈሩበት ቦታ ምንጭም ሆነ ጉድጓድ ስለማይገኝ የሚጠጡት ውሃ በበርሜል ተጭኖ ይሄድላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚያ ሜዳ፣ የበርሜሉ መምጣትና መቅረት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ትምህርት ባልነበረበት አንድ ጧት፣ በዚያ አገር «ቦክሲ» እየተባለ ከሚጠራው የፒካፕ መኪና አንዱ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እየተፋ ከግራሩ ጥላ ሥር ደረሰ። በኋላው ሁለት በርሜል ውሃ ጭኗል። ሹፌሩ ሱዳናዊ ነው። በጧት ተነሥቶ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዘ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ስለወጣበት፣ ከጫነው በርሜል እየቀዳ ራዲያተሩን እየሞላ ተመልሶ መምጣቱ ነበር። ትናንትም እንዲሁ ገጥሞት፣ ለአጫጆቹ የደረሰላቸው ከሁለቱ በርሜል አንድ ተኩል ብቻ ነው። የሰዎቹን ውሃ መኪናው ጠጥቶታል።

ሹፌሩ ገና ሳይወርድ፣ «አንተ ልጅ፣ ክፈተውና ውሃ ጨምርበት!» ብሎ ጮኸ። ልጁም ለመታዘዝ ቸኩሎ ጨርቅ አነሣና እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ዘረጋ። አዛውንቱ ከየት መጡ ሳይባል የእጁን አንጓ ያዙት። አልተቆጡም። የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበው የግራ ክንዳቸውን አሳዩት። ቆዳው ከአንጓው ጀምሮ ተጨማዶ አብረቅራቂ ጠባሳ ሆኗል። «በአንተ ዕድሜ ነበርሁ፤ እኔም ታዝዤ ነው የከፈትሁት» አሉት።

ከዚያም ምክንያቱን አስረዱት። ውሃ በክፍት ድስት ሲፈላ የሚፈላበት ሙቀት እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። በገዳሪፍ 98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በጎንደር ግን 93 ዲግሪ ይበቃዋል። የራዲያተር ክዳን ደግሞ ተራ መክደኛ አይደለም። በውስጡ ጸደይ አለው፤ ጸደዩም ውሃውን አምቆ ይይዘዋል። በዚህ መታመቅ የተነሣ ውሃው እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን እመቃው ይጠፋል፤ ውሃው በዚያው ቅጽበት ፈልቶ፣ ከእንፋሎት ጋር በከፋቹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ እስኪለሰልስና እስኪበርድ ድረስ ክዳኑ አይነካም። «እስከዚያ ድረስ ምን እንሠራለን?» አለ ልጁ። «እስከዚያ ድረስ እንጠይቃለን» አሉ አዛውንቱ።

ሹፌሩን መጠየቅ ጀመሩ። ውሃው የሚጎድለው መኪናው ሲሄድ ነው ወይስ ቆሞ ሲያድር? ከሥሩ መሬቱ ይረጥባል? የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ ነጥቷል? ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል? ከራዲያተር የሚጠፋ ውሃ ከሦስት መንገድ በአንዱ ይሄዳል፤ ወይ ወደ መሬት ይንጠባጠባል፣ ወይ በክዳኑ በኩል በእንፋሎት ይወጣል፣ ወይም ከቴስታታው ሥር ያለው መደረቢያ ሲቃጠል ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ሹፌሩ ዘይቱ ደኅና እንደ ሆነ፣ መኪናው ባደረበት ቦታ ግን መሬቱ ረጥቦ እንደሚገኝ ነገራቸው። ቀጥሎም ጥቂት ካመነታ በኋላ፣ ትናንት ከመንገድ ላይ በሰው ምክር አንድ ጭብጥ የማሽላ ዱቄት በራዲያተሩ ውስጥ መጨመሩን ተናዘዘ። «ኡስታ፣ ዛሬም ዱቄት ጨምረህ ልቀቀኝ። ሰዎቹ ውሃ ይጠብቃሉ» አለ።

«አጫጆቹ ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ።»

«ያላቸው ውሃ እስከ መቼ ይበቃል?»

«ከቀትር አያልፍም።»

አዛውንቱ ወደ በርሜሎቹ ተመለከቱ። ራዲያተሩን ፈትቶ፣ መርምሮ፣ በይዶ መልሶ ማሰር የቀኑን እኩሌታ ይፈጃል። ዱቄቱን ጨምሮ መልቀቅ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘቡም ወዲያው ይገኛል። ይሁን እንጂ ዱቄት ቀዳዳውን ለጊዜው ቢደፍነውም፣ ውሃ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች አብሮ ይደፍናል። መኪናው ከሜዳው መካከል ቢቆም ውሃውም አብሮት ይቆማል፤ ሹፌሩም ከተጠሙት ሰዎች እንደ አንዱ ይሆናል።

በዚያ ሰዓት ወደ ዶካ የሚሄድ አንድ የቤድፎርድ የጭነት መኪና ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሰው ይጭን ነበር። አዛውንቱ ወደዚያ አመለከቱ። «በርሜሎቹን በእርሱ ላክ» አሉ። ሹፌሩ ፊቱ ተለወጠ። የጭነቱ ኪራይ የዕለት ገቢውን ጠራርጎ እንደሚወስድበት፣ ለጥገና የሚከፍለውም እንደማይተርፈው ተናገረ። እርሳቸውም፣ «ኪራዩን ዛሬ ለእርሱ ክፈል፤ የእኔን ሒሳብ አጨዳው ሲያልቅ ታመጣለህ» ሲሉ መለሱለት። ልጁ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አያቸው፤ ምክንያቱም በዚያ ሳምንት ጋራዡ ብዙ ሥራ እንዳላገኘ ያውቅ ነበር። በርሜሎቹ ተጭነው ሄዱ። ከዚህ በኋላ ሥራው ያለ ጥድፊያ ተጀመረ።

ክዳኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ተከፈተ። በአፉ ዙሪያ የማሽላ ዱቄት እንደ ገንፎ ተለጥፎ ተገኘ። አዛውንቱ ልጁ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ፈቀዱለት። ልጁ በመጀመሪያ የጎማ ቱቦዎቹን በእጁ እየጨበጠ ተመለከተ፤ አልተሰነጠቁም። ቀጥሎ በውሃው ፖምፓ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ዳሰሰ፤ ደረቅ ናት። በታችኛው ቱቦ ማሰሪያ ላይ ግን አንዲት የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላ አየ። «አገኘሁት!» ብሎ ካቻቢቴውን አነሣ። ማሰሪያውን አጠበቀ፤ ጠብታዋም ቆመች።

«ሹፌሩ ስንት ውሃ ጨመርሁ አለ?» ሲሉ ጠየቁት አዛውንቱ።

«ግማሽ በርሜል።»

«ታዲያ ይህች ጠብታ በአንድ ቀን ግማሽ በርሜል ታፈሳለች?»

ልጁ አፈረ፤ መልሶም መፈለግ ጀመረ። አዛውንቱ የደረቀ ምልክት እንዲፈልግ መከሩት። የጉድጓድ ውሃ ጨው አለው፤ ውሃው ተኖ ሲያልቅ ጨው በወጣበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እውነትም ከራዲያተሩ ጀርባ፣ በላይኛው ታንክና በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ፣ በቀኙ ጥግ፣ እንደ ደረቀ እንባ የወረደ ነጭ መስመር ተገኘ።

ራዲያተሩ ተፈትቶ ወረደ። ዱቄቱ እስኪወጣ ድረስ ውሃ ከታች ወደ ላይ እየተለቀቀበት ታጠበ። ከዚያ በኋላ የቱቦ አፎቹ በጎማ ውታፍ ተደፍነው፣ እኩሌታው ተቆርጦ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ጠለቀ። ልጁ በብስክሌት መንፊያ ቀስ እያለ አየር ሰደደበት። ከቀኙ ጥግ የአረፋ ጅረት ወጣ። ጥቂት ዝቅ ብሎ ከአንድ ቱቦ ላይም ሁለተኛ፣ ደቃቅ የአረፋ መስመር ታየ። ዐይን ያላየውን ሁለተኛ ቀዳዳ ውሃው ራሱ አሳየ።

ይህ ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ነበር። መዳብ የሚቀልጠው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ መበየጃው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ግን ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህ ራዲያተሩ ሳይጎዳ መበየጃውን ብቻ ማቅለጥ ይቻላል። የሥራው ምስጢር ግን ከእሳቱ ይልቅ በጽዳቱ ላይ ነው። ዝገት፣ ቅባት ወይም ጨው ባለበት ብረት ላይ መበየጃው እንደ ጤዛ ተንከባልሎ ይወድቃል እንጂ አይጣበቅም። ልጁ በሽቦ ብሩሽ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ፋቀ። እየፋቀም ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያው ጥግ ላይ ከዚህ በፊት የተበየደ ሌላ ብየዳ ነበር፤ ከእርሱም ሥር ሌላ።

«ጋሼ፣ ይህ ቦታ ሁለት ጊዜ ተበይዷል» አለ።

አዛውንቱ ሥራቸውን አቁመው አጠገቡ ተቀመጡ። «እንግዲህ ዛሬ በይደን ብንልከው ሦስተኛ እንሆናለን። አንድ ብየዳ በአንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ የሚሰነጠቀው ለምን ይመስልሃል?»

ልጁ መልሱን ከራዲያተሩ ላይ ፈልጎ አጣው። ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደና ራዲያተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ተመለከተ። በግራ በኩል ከብረቱ በታች ወፍራም የጎማ ትራስ አለ። በቀኝ በኩል ግን ጎማው ተበልቶ አልቋል፤ ብረት በብረት ላይ ተቀምጦ እርስ በርሱ ሲፋጭ ኖሯል። መኪናው በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ላይ በሄደ ቁጥር ንዝረቱ ሁሉ ወደዚያ ጥግ ይወጣል። ሁለቱ የቀድሞ መካኒኮች ቁስሉን አከሙት፤ የሚያቆስለውን ግን በቦታው ትተውት ነበር።

ጥጉ ተበየደ። የተቀደደው ቱቦ ግን ለመሣሪያ በማይመች ጠባብ ቦታ ስለነበረ፣ ከላይና ከታች አፉ በብየዳ ተደፈነ። ራዲያተር ከብዙ ቱቦዎቹ አንዱን ቢያጣ ሥራውን አያቆምም፤ ብዙ ቱቦ በዚህ መንገድ ከተዘጋ ግን ሞተሩን ማቀዝቀዝ ይሳነዋል። ራዲያተሩ እንደገና በበርሜሉ ውስጥ ጠለቀ፤ አረፋ አልወጣም። አዛውንቱ ከአሮጌ ጎማ ላይ በቢላዋ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ለቀኙ ጥግ ትራስ አደረጉለት። የክዳኑ የላስቲክ ቀለበትም ደርቆ ስለተገኘ ተለወጠ።

ውሃው ሲሞላ ልጁ ማፍጠን አልተፈቀደለትም። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ በድንገት ቢፈስ ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩ መብረዱ አስቀድሞ ተረጋገጠ። ከዚያ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ሞተሩ ተነሣ። ውስጥ የቀረው አየር እየተንቦቀቦቀ ወጣ፤ አየሩ ካለቀ በኋላ ግን ሌላ አረፋ ስላልተከተለ ቴስታታው ደኅና እንደ ሆነ ታወቀ። ጥቂት ቆይቶ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው ቱቦ ሞቀ፤ ውሃውም መዞር ጀመረ። ክዳኑ ተገጠመ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፒካፑ ባዶውን ወደ ዶካ መንገድ ገባ። ሹፌሩ ከመሄዱ በፊት ማለዳ የጮኸበትን ልጅ በእጁ ጨብጦ ሰላም አለው።

አጨዳው አልቆ ሹፌሩ ሒሳቡን እስኪያመጣ ድረስ አምስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት ነጩ ፒካፕ ሁልጊዜ ማለዳ ሁለት በርሜል ጭኖ በጋራዡ ፊት ያልፍ ነበር። አንድም ቀን አልቆመም። ልጁ በሚያልፍ ቁጥር ቆሞ ይመለከት ነበርና አንድ ጧት፣ «ጋሼ፣ ሰላም እንኳ አይለንም» ሲል አጉረመረመ። አዛውንቱም፣ «ሳይቆም ማለፉ ነው ሰላምታው» አሉት።

ውሃን በመኪና ውስጥ ማቀዝቀዝ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ችግር ነው። ከነዳጅ ከሚገኘው ኀይል ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ በማቀዝቀዣው በኩል ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ይህን ሙቀት ማስወጣት ስለሚያዳግታቸው ብዙ ውሃ ተሸክመው ይሄዱ፣ እርሱንም በእንፋሎት ይጨርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ ለመርሴዲስ መኪና 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች ያሉት፣ የማር እንጀራ የመሰለ ራዲያተር ሠራ። ነፋስ በቱቦዎቹ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂቱ ውሃ እየተመላለሰ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ መሥራት ቻለ። ዛሬ አብዛኞቹ ራዲያተሮች ከአሉሚኒየምና ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ በቀድሞው መንገድ አይበየዱም። የእርሳስ ጢስ ለጤና አደገኛ መሆኑ፣ በውሃው ውስጥ የሚጨመረው ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ጣዕሙ ቢጣፍጥም መርዝ መሆኑ በሚገባ ታውቋል። መሣሪያው ይለወጣል። መጠበቅ፣ መጠየቅ፣ ምልክት መከተልና ምክንያቱን ማግኘት ግን ያኔ እንደ ነበሩ ናቸው።

የዶካ መንገድም ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አመላልሷል። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ክፍለ አገር ገቡ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ወጡ። ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ንብረቱን ጥሎ ተጉዟል። በሁለቱም በኩል ተጓዡ በመጀመሪያ የሚለምነው ውሃ ነው። ከውሃው ቀጥሎ ቆሞ እንዲሄድ የሚያደርገው ደግሞ በእጁ የያዘው ሞያ ነው።